ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ሆነ ስለ ስኳር በሽታ አላወራችሁም። ስለ ፀሐይና ስለ ሰዓት ላጫውታችሁ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቀትር የሚሆነው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ልጆቼን ስጠይቃቸው “ስድስት ሰዓት ላይ ነዋ!” ብለው ሳቁብኝ። እናንተም እንደዚያው ሳትሉ አትቀሩም። ቀትር ስል ፀሐይ የሰማዩን አጋማሽ የምታቋርጥበትን፣ የቆመ እንጨት ጥላ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ሳያዘነብል በሰሜንና በደቡብ መሥመር ላይ የሚያርፍበትን ቅጽበት ማለቴ ነው። በአዲስ አበባ ይህ ቅጽበት በዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አይውልም። ፈጠነ ከተባለ በጥቅምት 24 አካባቢ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ይሆናል። ዘገየ ከተባለ ደግሞ በየካቲት 4 አካባቢ 6 ሰዓት ከ39 ላይ ይሆናል። በሁለቱ መካከል የግማሽ ሰዓት ልዩነት አለ።

እኔ ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰዓት ለእኔ እንደ ቴርሞሜትሩ የሥራ ዕቃ ነበር። የልብ ምት የምንቆጥረው፣ መርፌ የምንወጋው፣ ለተረኛ የምናስረክበው በሰዓት ነው። ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ ግን ሰዓት የሌለው ብዙ ሰው ስለነበር መድኃኒቱን “ፀሐይ ስትወጣ አንድ፣ ቀትር ላይ አንድ፣ ስትጠልቅ አንድ” ብለን ነበር የምናዝዘው። ለኪኒን 15 ደቂቃ ቢያንስ ቢበዛ ምንም አይልም። በፀሐይና በሰዓት መካከል ያለው ልዩነት የሰው ስም የሚያስጠፋ ነገር መሆኑን ያየሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በጎረቤቴ ቤት ነው።

“ሰዓቱ ነው የሚሮጠው”

ጎረቤቴ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ፣ በአናጺነት የኖሩ አባት ናቸው። በረንዳቸው ፊት ለፊት የልብስ ማስጫ ገመድ የታሰረበት የብረት ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ሥር ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሰሜን የሚሄድ የሲሚንቶ መጋጠሚያ አለ። ጋሼ ባለፈው ዓመት በጥቅምት እዚያ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ፣ የምሰሶው ጥላ በመጋጠሚያው ላይ ልክ ሲያርፍ የልጅ ልጃቸውን ሰዓት ጠየቁት። “6 ሰዓት ከ10” አላቸው። በማግሥቱም ጠየቁት፤ ያው ነው። ዓይናቸው የግድግዳውን ሰዓት አጥርቶ ስለማያይ፣ ከዚያ ወዲህ ጥላው ሰዓታቸው ሆነ። ጥላው መጋጠሚያውን ሲነካ እጃቸውን ታጥበው ማዕድ ይቀርባሉ፤ የቀን መድኃኒታቸውንም ይውጣሉ።

ታኅሣሥ ሲገባ ነገሩ መዛነፍ ጀመረ። ልጃቸው በለመደችው ሰዓት ምሳ ስታቀርብ “ገና ነው” ይላሉ። በጥር ልዩነቱ ከ20 ደቂቃ አለፈ። ጋሼ “ሰዓቱ ነው የሚሮጠው” ብለው የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ ሁለት ጊዜ አስቀየሩ። ቤተሰቡ እርስ በርሱ መተያየት ያዘ። “አባባ ጊዜ ጠፋባቸው” ተባለ። ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን እንዳይሄዱ፣ የግቢውን ቁልፍም እንዳይዙ ተመከረ። ቁልፉ ከኪሳቸው ሲወሰድ ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩም አሉ። በዚህ መካከል ልጃቸው ወደ እኔ መጣች። “ሲስተር፣ እባክዎን አንዴ ይዩልኝ፤ አባባ መዘንጋት ጀምረዋል” አለችኝ።

ሄድኩ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዕለቱ የማን በዓል እንደሆነ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም በየተራ ጠየቅኋቸው። አንዱንም አልሳቱም። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ስጠይቃቸው ከእኔ ቀድመው ሄዱ። “ሲስተር፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ በሳንቲ ሜትር ስደምርና ስቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝ” አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። “ጭንቅላቴን ከመመርመርሽ በፊት እስቲ ጥላውን መርምሪልኝ” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በሙያችን ሕመምተኛው የሚለውና መሣሪያው የሚለው ሲለያዩ ሁለቱንም ደግሞ መለካት ነው ደንቡ። ወንበር ስቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ስልኬ ከኔትወርክ ጋር የሚናበብ ስለሆነ አይሮጥም፣ አይዘገይም። ወሩ የካቲት ነበር። ጥላው መጋጠሚያው ላይ ሲያርፍ ስልኬ 6 ሰዓት ከ39 ይላል። በማግሥቱም ያው። ጋሼ ልክ ነበሩ፤ የግድግዳውም ሰዓት ልክ ነበር። የተንቀሳቀሰው ቀትር ራሱ ነው።

ፀሐይ ለምን ትቀድማለች፣ ለምን ትዘገያለች?

ልዩነቱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ ነው። አገራችን የምትጠቀምበት ሰዓት የተሰፋው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ልክ ነው። ይህ መሥመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል በኩል ነው። አዲስ አበባ ያለችው ደግሞ 38.75 ዲግሪ ላይ፣ ከመሥመሩ 6 ዲግሪ ከሩብ ወደ ምዕራብ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ ፀሐይ አዲስ አበባ የምትደርሰው ከመሥመሩ 25 ደቂቃ ዘግይታ ነው። ቀትራችን በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከቀን ወደ ቀን የሚለወጠው ነው። እሱም ከሁለት ነገር ይመጣል። የመጀመሪያው፣ ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ምሕዋር ፍጹም ክብ አለመሆኑ ነው። በታኅሣሥ ማብቂያ ለፀሐይ ቀረብ ስለምትል በሴኮንድ 30.3 ኪሎ ሜትር ትበራለች። በሰኔ ማብቂያ ራቅ ስለምትል ፍጥነቷ ወደ 29.3 ይወርዳል። ሁለተኛው፣ የምድር ዛቢያ 23.4 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ በሰማይ ላይ የምትከተለው መንገድ ሰያፍ ነው። ሰያፍ መንገድ የሚሄድ ሰው በአንዱ ቦታ ወደፊት ሲገፋ በሌላው ቦታ ወደ ጎን እንደሚሄድ ሁሉ፣ ፀሐይም ወደ ምሥራቅ የምታደርገው የዕለት እርምጃ እኩል አይደለም።

ውጤቱ ይኸውላችሁ። ከአንዱ ቀትር እስከ ቀጣዩ ቀትር ያለው ጊዜ ልክ 24 ሰዓት የሚሆነው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ 30 ሴኮንድ ያህል ይረዝማል። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት 20 ሴኮንድ ያህል ያጥራል። ሠላሳ ሴኮንድ ምን አላት? እንደ ዕቁብ ግን በየቀኑ ስትጠራቀም በወር ሩብ ሰዓት ታክላለች። የጋሼ ምሳ ከጥቅምት እስከ የካቲት ግማሽ ሰዓት የሸሸው በዚህ ጥርቅም ነው። ሊቃውንቱ ይህን ልዩነት “የጊዜ እኩልታ” ይሉታል።

በዓመት አራት ቀን ይህ ልዩነት ዜሮ ይሆናል፦ ሚያዝያ 7፣ ሰኔ 6፣ ነሐሴ 26 እና ታኅሣሥ 16 ገደማ። በእነዚህ ቀናት የአዲስ አበባ ቀትር ልክ 6 ሰዓት ከ25 ነው። ጥቅምት 24 ላይ ፀሐይ ከአማካዩ 16 ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ትቀድማለች። የካቲት 4 ላይ 14 ደቂቃ ከሩብ ትዘገያለች። በመካከል ሁለት ትንንሽ መወዛወዞች አሉ፦ ግንቦት 6 ላይ 4 ደቂቃ ገደማ ትቀድማለች፣ ሐምሌ 19 ላይ 6 ደቂቃ ተኩል ትዘገያለች።

የቀደሙት እንዴት ፈቱት?

በአገራችን አባቶች ጥላቸውን በጫማ እየለኩ የጸሎትንና የጾም መፈሰኪያን ሰዓት ያውቁ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። የጫማው ቁጥር በየወሩ ይለያያል። ያ ለፀሐይ ከፍታና ዝቅታ የተደረገ ማስተካከያ ነው። ለቀትር መሸሽ ግን ማስተካከያ አያስፈልገውም ነበር፤ የሚወዳደረው ሌላ ሰዓት አልነበረማ!

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበር። የእስክንድርያው ሊቅ በጥሊሞስ በሁለተኛው ምዕት ዓመት ልዩነቱን ያውቅ ነበር፤ የተጠቀመበት ግን ለከዋክብት ስሌት ነው። ሰዓት ሁሉ በፀሐይ በሚሞላበት ዘመን ተራው ሰው ልዩነቱን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ነገሩ የተለወጠው ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 እ.ኤ.አ. ባለ ፔንዱለሙን ሰዓት ሲፈለስፍ ነው። ሰዓቱ ልዩነቱን ለማሳየት የሚበቃ ጥራት ስለነበረው “ማንኛው ነው ልክ?” የሚለው ጥያቄ መጣ። ከዚያ በኋላ በፀሐይ ሰዓት ላይ የየወሩን ልዩነት የሚነግር ሠንጠረዥ መቅረጽ ተለመደ። ሰው ጥላውን ያነብና ከሠንጠረዡ ይደምራል ወይም ይቀንሳል።

ብልሃተኞቹ ግን ሠንጠረዡን ከሰዓቱ አካል ጋር ማዋሐድ ፈለጉ። በ1655 እ.ኤ.አ. ካሲኒ የተባለው የከዋክብት ሊቅ በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ፣ በሳን ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ 27 ሜትር ከፍታ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ፣ ወለሉ ላይ 67 ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ የቀትር መሥመር ዘርግቶ ነበር። ይህ የፀሐይን ቀትር ብቻ ይናገራል። በ1730 አካባቢ ደግሞ ፈረንሳዊው ግራንዣን ደ ፉሺ በቀጥታው መሥመር ፋንታ በስምንት ቁጥር ቅርጽ የተጠማዘዘ መሥመር ይዞ መጣ። ብርሃኑ በዕለቱ ነጥብ ላይ ሲያርፍ የሚነግረው የሰዓትን ቀትር ነው፤ ሠንጠረዥ አያሻም።

በ1892 ጆን ራይደር ኦሊቨር የሚባል እንግሊዛዊ ጄኔራል ሌላ መንገድ አገኘ። መሥመሩን ትቶ ጥላ የሚጥለውን ዘንግ ራሱን ቀረጸው። ዘንጉ ቶርኖ ላይ ተሽከርክሮ እንደወጣ የወንበር እግር አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል። የፀሐይ ከፍታ ከወር ወር ሲለወጥ ሰዓቱን የሚነካው የዘንጉ ክፍልም ይለወጣል፤ የጥላው ጠርዝ የሚያስፈልገውን ያህል ደቂቃ ወዲህ ወይም ወዲያ ይላል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ፀሐይ በጥቅምት ማብቂያና በየካቲት መጀመሪያ በሰማይ ላይ ያላት ከፍታ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ግን በጥቅምት 16 ደቂቃ መቅደም፣ በየካቲት 14 ደቂቃ መዘግየት ነው። አንድ ቅርጽ ሁለቱን ማገልገል ስለማይችል ሁለት ዘንጎች ተሠሩ። አንዱ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ፣ ሌላው ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ይተከላል።

ፒልኪንግተንና ጊብስ የተባሉ እንግሊዛውያን ደግሞ በ1906 የባለቤትነት መብት ባወጡበት መሣሪያ ቀኑን ስትመርጡለት ልዩነቱን በውስጡ ባለ ጠማማ ብረት ራሱ የሚያስተካክል የፀሐይ ሰዓት ሸጡ።

ግዙፍነት ብቻውን ይህን አይተካም። በሕንድ ጃይፑር በ18ኛው ምዕት ዓመት የተሠራው የፀሐይ ሰዓት ቁመቱ 27 ሜትር ነው። ጥላው በሴኮንድ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሄድ በዓይን ይታያል። እንዲያም ሆኖ ከእጅ ሰዓት ጋር ለማስማማት እንደ አዲስ አበባ ወደ 27 ደቂቃ የሚጠጋ የቦታ ልዩነትና የየዕለቱ ልዩነት ይደመርበታል።

ከቆርቆሮ ቀዳዳ የሠራነው

የካቲት ውስጥ ለጋሼ ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና “እንግዲያው ራሱን የሚያርም እንሥራ” አሉ። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ልኬታቸው አይንቀጠቀጥም። እኔ ጸሐፊ፣ የልጅ ልጃቸው ረዳት፣ እሳቸው አለቃ ሆነን ጀመርን። እናንተም እንድትሠሩት እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ ፀሐይ የሚያገኝ፣ የጣሪያ ክፈፍ የማይጋርደው የሲሚንቶ ወለል መረጥን። በውሃ ልክ ተለክቶ ዝንባሌው ተስተካከለ። ከዚያ ከበረንዳው ምሰሶ ወደ ደጅ የሚወጣ የእንጨት ክንድ ጋሼ ሠሩ። በጫፉ ላይ ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር የሆነ ቆርቆሮ ተጋድሞ ተመታ። መሃሉ ላይ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ አለው። ከቀዳዳው እስከ ወለሉ ልክ 1 ሜትር ነው።

ሁለተኛ፣ ከቀዳዳው መሃል ቱንቢ ጥለን ጫፉ የነካውን ቦታ ወለሉ ላይ ምልክት አደረግን። ይህ “እግር” ይባል።

ሦስተኛ፣ የሰሜንና ደቡብን መሥመር አወጣን። ኮምፓስ አልተጠቀምንም፤ በሲሚንቶው ውስጥ ያለ ብረት መርፌውን ያሳስተዋል። እግሩን መሃል አድርገን 80 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ በጠመኔ አሠመርን። ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ግድም የብርሃኗ ነጥብ ክቡን ስትነካ ምልክት፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሊሞላ ሲል እንደገና ስትነካው ሌላ ምልክት። ሁለቱን የሚያገናኘው መሥመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ለእሱ ቀጥ ብሎ በእግሩ በኩል የሚያልፈው ደግሞ የቀትር መሥመር ነው።

አራተኛው ትዕግሥት ብቻ ነው። ፀሐይ ባለበት ቀን ሁሉ ስልኩ 6 ሰዓት ከ25 ሲል የብርሃኗን ክብ መሃል በእርሳስ ነጥብ አድርጎ ቀኑን መጻፍ። ክቧ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ትሰፋለች። እሷም የፀሐይ ምስል ናት።

ነጥቦቹ ከቀትር መሥመሩ በስተምዕራብ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ርቀው ጀመሩ። መጋቢትን ሙሉ ወደ መሥመሩ ተጠጉ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ መሥመሩን አቋረጡ። ግንቦት ላይ በስተምሥራቅ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ወጣ ብለው ተመለሱ። ክረምት ሲገባ ደመናው ስለጋረደን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነጥቦቹ ተቆራረጡ። ያንን በስሌት ሞላነው። በአንድ ሜትር ከፍታ 1 ደቂቃ ወለሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ናት፤ ስለዚህ የሐምሌ 19 ነጥብ ወደ ምዕራብ 3 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ከመስከረም በኋላ ነጥቦቹ በስተምሥራቅ እየሰፉ ሄደው ጥቅምት 24 ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ደረሱ፤ ከዚያ ታጠፉ።

ዓመቱ ሲሞላ ወለሉ ላይ ያለው ቅርጽ ስምንት ቁጥር ነው። ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፦ ታኅሣሥ 13 ላይ ከእግሩ 64 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ሰኔ 14 ላይ 26 ሴንቲ ሜትር ወደ ደቡብ። የሰሜኑ ቀለበት ትልቅ ነው፤ 14 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የደቡቡ ትንሽ ነው፤ ከ4 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የስምንቱ ወገብ፣ ሁለቱ ቀለበቶች የሚሻገሩበት ነጥብ፣ የወደቀው ልክ እግሩ ላይ ነው፤ ቱንቢው የነካው ቦታ ላይ! ምክንያቱ የአዲስ አበባ አቀማመጥ ነው። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነን። ፀሐይ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ገደማ በትክክል በአናታችን ታልፋለች። የስምንቱ መሻገሪያም በፀሐይ መንገድ ላይ የሚገኘው እዚያው 9 ዲግሪ ላይ ነው። ለንደን ወይም ሮም ላይ ብትሠሩት ወገቡ ከእግሩ ርቆ ወደ ሰሜን ይወድቃል። እዚህ ግን ቱንቢ፣ ቀዳዳና ፀሐይ በአንድ መሥመር ይቆማሉ። ጋሼ ይህን ሲያዩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና “ለዚች ከተማ የተሰፋ ነው” አሉ።

መሥመሩን በሁለት ቀለም ቀባነው። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ያለው ሰማያዊ፣ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ያለው ቀይ ነው። የወሮቹ መጀመሪያም ተጽፏል። አሁን የብርሃኗ ነጥብ የዕለቱን ቦታ ስትነካ ሰዓቱ 6 ከ25 ነው፤ ጥቅምትም ይሁን የካቲት፣ መደመር መቀነስ የለም።

ሙሉ ቀን ለሚፈልጉ

ዓመት መጠበቅ ለማይፈልግ፣ ወይም ሰዓቱን ሁሉ ማንበብ ለሚሻ ሌላ መንገድ አለ። ውስጡ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ለሁለት በቁመቱ ይሰነጠቃል። ግማሹ እንደ ገንዳ ወደ ላይ ተከፍቶ፣ በሰሜንና ደቡብ መሥመር ላይ፣ የሰሜኑ ጫፍ 9 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በአፉ መሃል ከጫፍ ጫፍ ቀጭን ሽቦ ይወጠራል። የሽቦው ጥላ በቱቦው ሆድ ውስጥ በሰዓት 2.6 ሴንቲ ሜትር እኩል ይሄዳል። የግማሽ ቱቦው ሆድ ከጠርዝ ጠርዝ በትክክል 12 ሰዓት ስለሚይዝ ለእኛ አቆጣጠር የተመቸ ነው። በምዕራቡ ጠርዝ የጠዋቱ 12፣ ከታች 6፣ በምሥራቁ ጠርዝ የማታው 12።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ቁጥሮቹን ቱቦው ላይ አትጻፉ። ወፍራም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሆዱ ውስጥ እንዲንሸራተት አድርጉት። የወረቀቱ 6 ቁጥር ከቱቦው ዝቅተኛ መሥመር ወደ ምዕራብ 11 ሚሊ ሜትር ሲርቅ የአዲስ አበባ አማካይ ነው፤ በአራቱ የዜሮ ቀናት እዚያ ይሁን። ጥቅምት 24 ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ የካቲት 4 ላይ 17 ሚሊ ሜትር ይራቅ። የወሮቹን ምልክት ቱቦው ጠርዝ ላይ አንዴ ከጻፋችሁ በየሳምንቱ በጣት መግፋት ብቻ ነው። ለልጆች ጥሩ ሥራ ነው።

ከውጭ አገር የሚመጡ ለጌጥ የተሠሩ የፀሐይ ሰዓቶችን ግን ገዝታችሁ ግቢ ውስጥ ብታስቀምጡ ልክ አይሆኑም። ዘንጋቸው ለአውሮፓ 45 ወይም 50 ዲግሪ ተደርጎ የቆመ ነው፤ የእኛ 9 ነው።

በየከተማችሁ

ከአዲስ አበባ ውጭ ለምትኖሩ፣ 25 ደቂቃን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ። ጅጅጋ 9፣ ድሬዳዋ 13፣ ደሴና መቀሌ 22 ገደማ፣ ሐዋሳ 26፣ ጎንደርና ባሕር ዳር 30፣ ጅማ 33፣ ጋምቤላ 42 ደቂቃ ነው። ጋምቤላ ላይ በየካቲት መጀመሪያ ቀትር 7 ሰዓት ሊሆን 4 ደቂቃ ሲቀረው ነው ማለት ነው። የቱቦው ከፍታም እንደ ከተማው ኬክሮስ ይለያያል፦ ለሐዋሳ 7 ዲግሪ፣ ለጎንደር 12 ተኩል፣ ለመቀሌ 13 ተኩል። የስምንቱ ወገብም በእነዚህ ከተሞች ከእግሩ ጥቂት ፈቀቅ ይላል፤ በሰሜን ያላችሁ ወደ ሰሜን፣ በደቡብ ያላችሁ ወደ ደቡብ ታገኙታላችሁ።

በመጨረሻ እንደ ጤና ባለሙያ አንድ ነገር ልበል። አረጋዊ ወላጅ ያላችሁ ሁሉ የመርሳት ሕመምን ልትጠነቀቁ ይገባል። አንድን ጥያቄ በየደቂቃው መደጋገም፣ የኖሩበት ሰፈር ውስጥ መንገድ መሳት፣ ገንዘብ ቆጥሮ መክፈል ማቃት፣ የቅርብ ሰው ስም መጥፋት፤ እነዚህን ስታዩ ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። ነገር ግን አባታችሁ ወይም እናታችሁ ለዓመታት ሲያዩት የኖሩት ነገር “ተለወጠ” ካሏችሁ፣ ቁልፋቸውን ከመውሰዳችሁ በፊት ወጥታችሁ ከጎናቸው ቁሙና ያሉትን ነገር እዩላቸው። ከእርሳስና ከስልክ በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም። ጥሩው ሰዓት ከ6 እስከ 7 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ስለምታቃጥል ባርኔጣ አድርጉላቸው፣ ውሃም አጠገባቸው አስቀምጡ።